መውረዱ 4 ደቂቃ ነው፣ መውጣቱን አስብ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂው የ27 ዓመት ጎንደሬ ነው፣ ጅቡቲ ሆቴል ውስጥ ሲሰራ እዛው የዳይቪንግ የመጀመሪያውን ወረቀት አውጥቷል፣ 11 ጊዜ ጠልቋል፣ ከሁሉም ጥልቁ 17 ሜትር። አሁን አየርላንድ ያለ የአክስቱ ልጅ "በሚቀጥለው ክረምት ና፣ አብረን እንጥለቅ" ብሎታል፣ የሚጠልቁትም ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላይ የሰመጠች ታንክ የጫነች መርከብ ጋ፣ 67 ሜትር። "ጋሼ፣ ጣና ላይ ያደግኩ ዋናተኛ ነኝ፣ ብርድም ብዙ አይከብደኝም፣ ትንሽ ልምምድ ባደርግ ይበቃኛል ወይስ ብዙ ይቀረኛል? ደግሞስ እንዲህ ያሉ መርከቦች ውስጥ ወርቅ አለ የሚባለው እውነት ነው?" ይላል።

ወንድሜ በመጀመሪያ ስለጠየቅክ ተባረክ፣ የሚያስቸግረው ሳይጠይቅ የሚሄደው ነው። አጭሩ መልስ በሚቀጥለው ክረምት አይሆንም ነው። ጨርሶ አይሆንም አላልኩም፣ ሦስት አራት ዓመት ስጠው። ግን "አይሆንም" ብቻ ብዬ ብተውህ የአክስትህ ልጅ ደውሎ በ5 ደቂቃ ሃሳብህን ያስለውጥሃል፣ እኔም በአንተ እድሜ እንደዛው ነበርኩ፣ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልህ። እኔ ያደግኩት ቀሃ ኢየሱስ ነው፣ ኖርዌይ 19 ዓመት ኖርኩ፣ 14ቱን ጥልቅ ዳይቪንግ ሳስተምር ነው ያሳለፍኩት፣ አሁን ግማሹን ዓመት እዚሁ ጎንደር ነኝ።

መርከቧን ስሟን አልጻፍክም ግን ታንክ የጫነች፣ 67 ሜትር፣ አየርላንድ ካልክ ኤምፓየር ሄሪቴጅ ናት፣ ከአገሪቱ ሰሜን ጫፍ ከማሊን ሄድ ወዲያ ነው ያለችው። (ቀኑንም ዓመተ ምህረቱንም ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳይምታታብህ።) 1930 ኒውካስል ላይ ስትሰራ ታፈልበርግ ነበር ስሟ፣ ዓሣ ነባሪ እያረዱ ስቡን የሚያቀልጡባት ፋብሪካ መርከብ ነበረች። 1941 ፈንጂ መታት፣ ጠገኗትና ነዳጅ ጫኝ አድርገው አዲስ ስም ሰጧት። መስከረም 8 ቀን 1944 ከኒውዮርክ ወደ ሊቨርፑል ሆዷን ሙሉ ነዳጅ፣ ላይዋ ላይ ሸርማን ታንክ ጭና ስትመጣ ዩ 482 የምትባል የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ በቶርፒዶ መታቻት። ከመቶ በላይ ሰው አለቀ፣ ይባስ ብሎ የተረፉትን ልታነሳ የቆመችውን ፒንቶ የምትባል መርከብም ያችው ሰርጓጅ ደገመቻት።

እኔ ሁለቴ ወርጄባታለሁ። ውሃው ጥሩ ቀን ከጠበቀህ ጥርት ያለ ነው፣ ገመዱን ይዘህ ስትወርድ ገና ሳትደርስ ታንኮቹን ታያቸዋለህ፣ አሸዋው ላይ ተዘርግፈው፣ አንዳንዱ ተገልብጦ ሰንሰለቱ ወደ ሰማይ። ፒያሳ ላይ መጫወቻ የሚሸጥ ልጅ ሸራው የተገለበጠበት ነው የሚመስለው። እና የአክስትህ ልጅ ለምን እንደጓጓ ይገባኛል፣ ማንም ይጓጓል።

ግን መውረዱ እኮ ምንም አይደለም። 4 ደቂቃ ነው። ድንጋይም ይወርዳል።

ጣና ላይ ማደግህ ጥሩ ነው፣ ውሃ አትፈራም፣ እሱ ትልቅ ነገር ነው። ጣና ግን ጥልቁ ቦታ 15 ሜትር ገደማ ነው፣ 67 ሜትር ማለት አራት ጣና አንዱ ባንዱ ላይ ደርበህ ገና ይቀርሃል ማለት ነው። ዋናተኛ መሆን እዚህ ብዙም አያግዝም፣ እንዲያውም ጎበዝ ዋናተኛ ሲጨንቀው እጁንም እግሩንም ያንቀሳቅሳል፣ አየሩን ይጨርሳል፣ ጥልቅ ላይ የሚፈለገው ዝም ብሎ እንደ መጋረጃ የሚንጠለጠል ሰው ነው።

ብርድ አይከብደኝም ያልከው ላይ ደግሞ ቆም በል። ጥምቀት ጠዋት ፋሲል መዋኛ ዘለህ ታውቃለህ አይደል? ውሃው ሲነካህ ደረትህ በራሱ ጊዜ "እህህ" ብሎ አየር ይስባል፣ አንተ ስላዘዝከው አይደለም፣ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ትንፋሽህ ያንተ አይደለም። ከዛ ይለምድሃል፣ ትስቃለህ፣ ወጥተህ ጋቢህን ትደርባለህ። እኛ ግን ብርድ ስንል ያንን የመጀመሪያውን ድንጋጤ ብቻ አይደለም፣ ጋቢው የሚመጣው ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ የሆነበትን ብርድ ነው። ማሊን ሄድ በበጋቸው እንኳ (የኛ ክረምት መሆኑ ነው) ውሃው 12፣ 13 ዲግሪ ገደማ ነው። 13 ዲግሪ ማለት የታህሳስ ጠዋት አይደል እንዴ ትለኛለህ፣ አዎ፣ አየር ላይ። ውሃ ግን ሙቀት ከሰውነትህ የሚወስደው ከአየር በ25 እጥፍ ገደማ ይበልጣል፣ ጅቡቲ የለበስከው ዌትሱት (ውሃ የሚያስገባው የላስቲክ ልብስ) እዛ ቲሸርት ነው፣ የሚለበሰው ድራይ ሱት ነው፣ ውስጡ ውሃ የማይገባ፣ ከስሩ ወፍራም ልብስ ያለው፣ እሱ ራሱ ለብቻው ትምህርት አለው።

አሁን ወደ አየሩ ልምጣ። ባህር ወለል ላይ ግፊቱ 1 ነው እንበል፣ በየ10 ሜትሩ አንድ አንድ ይጨምራል፣ 67 ሜትር ላይ 7.7 ይሆናል። ላይ በደቂቃ 20 ሊትር የምትተነፍስ ሰው እዛ 154 ሊትር ትጨርሳለህ ማለት ነው፣ ጅቡቲ የተሸከምካት ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር ግፊት ብትሞላ 15 ደቂቃ ናት፣ ያውም ለመውጫ አንዲት ትንፋሽ ሳታስቀር። እሱ ቀላሉ ነው፣ ሲሊንደር ይጨመራል። ከባዱ አየሩ ራሱ መወፈሩ ነው። ላይ አንድ ሊትር አየር 1.2 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ እዛ ከ9 ግራም በላይ ይሆናል፣ አጥሚት በስትሮ እንደመሳብ በለው። ከ6 ግራም ገደማ በላይ ሲሆን ሳንባህ የተቃጠለውን አየር አጥቦ ማውጣት ያቅተዋል፣ ካርቦንዳይኦክሳይድ ይጠራቀማል፣ እሱ ሲጠራቀም ደግሞ ትንፋሽ ያጥርሃል፣ ያጠረህ መስሎህ ትፈጥናለህ፣ ስትፈጥን ይብስብሃል፣ እንዲህ እያለ ሰው ሙሉ ሲሊንደር ተሸክሞ "አየር አለቀብኝ" ብሎ ይደነግጣል።

ከዛ ናይትሮጅኑ ያሰክራል። ቀልድ አይደለም፣ በባዶ ሆድ አረቄ እንደመጠጣት ነው፣ ሰው ግን ሰክሬያለሁ አይልም አይደል፣ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እዚህ ጋ ቃል በቃል ይሰራል። አንድ ተማሪዬ ገና 45 ሜትር ላይ በተራ አየር ወርዶ የግፊት መለኪያውን ሳሳየው አይቶ ደስ ብሎት ራሱን ነቀነቀ፣ ላይ ወጥተን ስንት ነበር ስለው ቁጥሩን ጨርሶ አላነበበውም፣ መብራቱ ነው ደስ ያሰኘው።

ለዚህ ነው ትራይሚክስ የምንጠቀመው፣ ኦክስጅን ናይትሮጅን ሂሊየም ተቀላቅሎ። ለዛች መርከብ እኔ ብሆን 15 ፐርሰንት ኦክስጅን 55 ፐርሰንት ሂሊየም እሞላ ነበር፣ ስካሩ 25 ሜትር ገደማ በተራ አየር እንደመሆን ይሆናል፣ ውፍረቱም ወደ 5 ግራም ምናምን ይወርዳል። 15 ፐርሰንት ኦክስጅን አያንስም ወይ ትለኛለህ፣ ላይ ላይ ያንሳል፣ ታች ግን ግፊቱ ስላለ ይበቃል። (በነገራችን ላይ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች አሁን አንተ የምትተነፍሰው አየር ባህር ዳርቻ ላይ ላለ ሰው 16 ፐርሰንት ኦክስጅን እንደመተንፈስ ነው፣ ባህር ዳርቻ ስል ባህር ዳርን አይደለም።) ሂሊየም ግን ሙቀት ከአየር በስድስት እጥፍ ገደማ ያስተላልፋል፣ እሱን ድራይ ሱትህ ውስጥ ብትነፋው በረዶ የለበስክ ያህል ነው፣ ለልብሱ የሚሆን ለብቻው ትንሽ ሲሊንደር አየር ወይ አርገን የሚባል ጋዝ ይያዛል። ይሄን የረሳ ሰው አይቻለሁ፣ ገና ሳንደርስ ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ ይታየኛል።

አሁን ዋናው ጋ ደረስኩ፣ መውጣቱ። እናትህ ጠላ ጠምቃ የጋኑን ምርጊት ስትከፍት አይተሃል? ቀስ ነው የምታነሳው፣ ድንገት ካነሳችው አረፋው ገንፍሎ ወለሉ ላይ ነው። ሰውነትህ እንደዛ ነው፣ ታች ሳለህ ናይትሮጅንም ሂሊየምም ደምህ ውስጥ፣ ስብህ ውስጥ፣ ነርቭህ ውስጥ ይገባል፣ ግፊቱ ድንገት ሲነሳ አረፋ ይሆናል፣ መገጣጠሚያህ ውስጥ ከሆነ ያምሃል፣ አከርካሪህ ውስጥ ከሆነ እግርህ አይታዘዝህም። ስለዚህ 67 ሜትር ላይ 25 ደቂቃ ከቆየህ ለመውጣት ከአንድ ሰዓት በላይ ደረጃ በደረጃ እየቆምክ ነው የምትወጣው፣ ጥልቁ ላይ ለደቂቃ ሁለት ደቂቃ፣ ወደ ላይ ስትጠጋ ረዘም እያለ፣ የመጨረሻው 6 ሜትር ላይ ግማሽ ሰዓትም ሊሆን ይችላል። ላዩ ይታይሃል፣ የጀልባዋ ሆድ ይታይሃል፣ መውጣት ግን አትችልም፣ የማይታይ ጣራ አለብህ። ጅቡቲ የተማርከው "ችግር ካለ ቀስ ብለህ ውጣ" ነበር፣ እዚህ ያ በር ዝግ ነው፣ ችግር ካለ እዛው ሆነህ ነው የምትፈታው። ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይችን አትርሳ።

በዛ ላይ መንገድ ላይ ጋዝ ትቀይራለህ። 21 ሜትር ላይ 50 ፐርሰንት ኦክስጅን፣ 6 ሜትር ላይ ንጹህ ኦክስጅን። ንጹህ ኦክስጅን 6 ሜትር ላይ መድሃኒት ነው፣ 30 ሜትር ላይ ተሳስተህ ብትጎርሰው ያንቀጠቅጥሃል፣ ውሃ ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሬጉሌተሩን (አፉ ላይ የያዘውን መተንፈሻ) ይተፋል፣ ከዛ በኋላ ያለውን አልጽፈውም። እና ሲሊንደሩን ለይተህ፣ ጽሁፉን አንብበህ፣ ቱቦውን ተከትለህ፣ መንጠቆውን ከፍተህ፣ ቫልቩን አዙረህ ነው የምትቀይረው፣ ይሄ ሁሉ በጣት ነው።

ስለ ጣት አንድ የራሴን ልንገርህ። ኖርዌይ፣ መጋቢት፣ ፊዮርድ ውስጥ፣ ውሃው 5 ዲግሪ፣ 62 ሜትር ላይ የጦርነቱ ጊዜ የጭነት መርከብ ነበረች። ጓንቴ ውሃ የማያስገባው ዓይነት ነው፣ ከልብሱ ጋር በቀለበት ይገጠማል። ጀልባዋ ላይ እየተንገላታን ስገጥመው ከውስጠኛው ጓንት አንዲት የሱፍ ክር ቀለበቱ ስር ገብታለች፣ አላየኋትም፣ አንዲት ክር ናት። ታች ደርሰን በሷ በኩል ውሃ ገብቶ ግራ እጄ ቀዘቀዘኝ፣ ከዛ አመመኝ፣ ከዛ ሕመሙ ጠፋ፣ ሕመሙ ሲጠፋ ደስ አለኝ፣ ጅል! 21 ሜትር ደርሼ ሲሊንደሩን ልፈታ እጄን ስሰድ ጣቴ መንጠቆው ላይ መሆኑ ይታየኛል ግን አይሰማኝም፣ ልጫን እላለሁ፣ ጣቴ እያየኝ እምቢ አለኝ። ሁለቴ ሦስቴ ሞከርኩ፣ እጄ ላይ የታሰረው የጠላቂ ኮምፒውተሬ ላይ ደቂቃው ይቆጥራል። ጓደኛዬ ዝም ብሎ መጣ፣ ከፈተልኝ፣ ጽሁፉን ዓይኔ ስር አምጥቶ አሳየኝ፣ አንገቴን ነቀነቅኩ፣ ቀየርኩ። ከዛ 40 ደቂቃ ተንጠለጠልን፣ ግራ እጄን ብብቴ ስር ከትቼ። ጀልባ ላይ ዚፔንም እሱ ነው የከፈተው፣ ሻይ ሲሰጡኝ ብርጭቆዋን እንደ ሕጻን በሁለት መዳፌ ነው የያዝኳት፣ ስሜቱ ሙሉ በሙሉ ሲመለስ ሳምንት አልፎታል። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የማንም አይደለም፣ ቀለበቱን በጣቴ ዞሬ መዳሰስ ነበረብኝ፣ 10 ሰከንድ ነው።

ብርዱ ሌላም ነገር ያደርጋል። ሲበርድህ ደም ከቆዳህና ከእጅ እግርህ ይሸሻል፣ ደም ካልዞረ የገባው ጋዝ አይወጣም። የአሜሪካ ባህር ኃይል ሰዎች ሞክረው አይተውታል፣ ታች ሞቆህ ሲወጣ የሚበርድህ ከሆነ የከፋው እሱ ነው። አሁን ባትሪ ያለው የሚሞቅ ሰደሪያ አለ፣ ሰዉ ታች ገና ሲደርስ ያበራውና ሲወጣ ባትሪው ያልቃል፣ ተገላቢጦሽ! ታች ዝቅ አድርገህ ያዘው፣ ለመውጫው አስቀምጠው።

የማሊን ሄድ የውሃ ጉተታም አለ (ባህሩ ሲሞላና ሲጎድል የሚፈሰው)፣ ውሃው ቀጥ የሚልበት ሰዓት አጭር ነው፣ እሱን ጠብቀህ ነው የምትገባው፣ ስትወጣ ጉተታው ተነስቷል፣ ስለዚህ ከተንሳፋፊ ጋር የታሰረ መሰላል መሳይ ነገር ይዛችሁ አብራችሁ እየተንሳፈፋችሁ ነው የምትወጡት፣ ጀልባዋም ትከተላችኋለች። የጀልባው ካፒቴን ይሄን ሥራ ለምዶት መሆኑን ጠይቅ።

ሪብሪዘር ልግዛ ወይ ብለህ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ፣ የወጣህን አየር አጣርቶ መልሶ የሚሰጥህ መሳሪያ ነው፣ ለእንዲህ ያለ ጥልቀት ዛሬ ብዙዎቻችን የምንጠቀመው እሱን ነው፣ ግን አሁን ያንተ አይደለም። አንድ ነገር ግን ሳልነግርህ አላልፍም፣ የዚህ መሳሪያ አያት ከሚባሉት አንዱ ከኛ ከተማ ስም ጋር የተያያዘ ነው። ጣሊያኖች ከጦርነቱ በፊት አንድ ተከታታይ ሰርጓጅ መርከብ ሰርተው የኛን ቦታ ስም ሰጧቸው፣ አድዋ፣ አክሱም፣ መቀሌ፣ ደሴ፣ ሽሬ... አንዷ ጎንደር ናት። ጎንደር ሰው የሚጋልባቸው ቶርፒዶዎችና በንጹህ ኦክስጅን ሪብሪዘር የሚጠልቁ ወታደሮች ጭና ወደ እስክንድርያ ስትሄድ መስከረም 30 ቀን 1940 ግብጽ ጠረፍ ላይ ስቱዋርት የምትባል የአውስትራሊያ የጦር መርከብ አስመጠቻት። በ1941 መጨረሻ እስክንድርያ ድረስ ዘልቀው ሁለት የእንግሊዝ ትልልቅ የጦር መርከቦች ያፈነዱትን ያመጣቻቸው ደግሞ ሽሬ ነበረች። ልጅ ሆኜ ሰምቼው ቢሆን ምን ያህል እደነቅ ነበር።

ወርቁን በተመለከተ፣ አለ፣ ግን ታንክ የጫነችው መርከብ ላይ አይደለም። ያ የሰማኸው ኤዲንብራ የምትባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ነው የሚሆነው፣ ግንቦት 2 ቀን 1942 ባረንትስ ባህር ላይ ከሶቪየት የተከፈለ 465 ጡብ ወርቅ፣ አራት ቶን ተኩል ገደማ፣ ይዛ ሰመጠች፣ 245 ሜትር። 1981 ላይ 431ዱን አወጡት፣ በ1986 ደግሞ 29። የቀረውን ቁጠር፣ 5። ግን እነዛ ጠላቂዎች እንደኔና እንዳንተ አይደሉም፣ መርከብ ላይ ባለ የግፊት ክፍል ውስጥ ቀናት እየኖሩ፣ ልብሳቸው ውስጥ የሞቀ ውሃ በቱቦ እየተለቀቀላቸው ነው የሰሩት። ሥራ ነው፣ መዝናኛ አይደለም። ኤምፓየር ሄሪቴጅ ላይ የምታገኘው ታንክና የሰው ነገር ነው። ጫማ ብታይ እንኳ አትንካው፣ የመቶ ምናምን ሰው መቃብር ነው፣ መቃብር ላይ ምን እንደሚደረግ ለጎንደር ልጅ አልነግርም። እንግሊዞች ብዙ የሰመጡ የጦር መርከቦቻቸውን በ1986 ሕግ ከመነካት ይጠብቃሉ፣ አንዳንዶቹ ላይ ያለፈቃድ መጥለቅም ክልክል ነው፣ ኖርዌይም ብሉሸር የምትባለዋን የጀርመን መርከብ በሕግ ትጠብቃለች።

መንገዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሐኪም፣ ልብህን ጭምር፣ ከአራት ሰው አንዱ ሲወለድ ያልተዘጋች ቀዳዳ ልቡ ውስጥ አለችው፣ ለሌላው ሰው ምንም አይደለችም፣ ለእኛ ግን አረፋ ታሳልፋለች። ከዛ እስከ 30፣ እስከ 40 ሜትር ያሉትን ኮርሶች፣ ናይትሮክስ (ኦክስጅኑ የበዛ አየር)፣ ድራይ ሱት። ከዛ ቆም ብለህ መቶ ጊዜ ጥለቅ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ፣ የአክስትህ ልጅ እዛ ስላለ እድለኛ ነህ። ከዛ ዲኮምፕሬሽን (ያ ደረጃ በደረጃ እየቆሙ መውጣቱ፣ ባጭሩ ዲኮ የምንለው)፣ ከዛ ትራይሚክስ። በሚቀጥለው ክረምት ግን ሂድ፣ ለምን ትቀራለህ፣ ድራይ ሱት ተማር፣ 20 ሜትር ላይ ያሉ መርከቦች ሞልተዋል። ጣና ላይ እለማመዳለሁ እንዳትለኝ ብቻ፣ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ የዲኮ ስሌቱ ራሱ ይለያል፣ ቢልሃርዚያውና ጉማሬው ሳይቆጠር።

መመለሻህን ደግሞ አሁኑኑ አስብበት። ጠልቆ አውሮፕላን መሳፈር ማለት ተራራ መውጣት ነው፣ በረራ ላይ ያለው ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ያህል ይወርዳል። ሌላው አገር ያለ ሰው ሲያርፍ ግፊቱ ይመለስለታል፣ እኛ ግን አዲስ አበባ ብናርፍ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ጎንደር ብንገባም ያው ነው፣ ተራራው ላይ ነው የምንቀመጠው። ጅቡቲ ጠልቀህ በማግስቱ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ወጥተህ ትከሻህን ወይ ክርንህን ጠዝጥዞህ "ድካም ነው" ብለህ ካለፍክ እሱን ለሐኪሙ ንገረው። ለአንድ ተራ ጥልቀት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ተደጋጋሚ ከሆነ 18 ይባላል፣ ዲኮ ያለበት ከሆነ ከዛ በደንብ ይበልጣል። የኔ ደንብ ለጎንደር ተመላሽ ሁለት ሙሉ ቀን ነው፣ ትኬት ሳትቆርጥ በፊት መጨረሻው ላይ ጨምራቸው፣ ለአክስትህ ልጅም ያን ጊዜ ነው ሻይ የምንጠጣው በለው።